የአየር ፍራሹ ስፌት

ፍራሽ ሰሪ አባት ያላት ልጅ ፍራሽ ልትገዛ ስትሄድ አባቷን ቤት ብትተወው ይሻላታል። ልጅቷም ይህ ጠፍቷት አይደለም። ድምፅ ሳታሰማ ልትወጣ ጫማዋን በእጇ ይዛ በሩን ስትከፍት፣ አባቷ ኮቱን ለብሶ፣ ጠጉሩን በውሃ አርሶ፣ ደጅ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። የሚነፋ ፍራሽ የሚባለውን ነገር በዓይኑ ማየት እንደሚፈልግ ነገራት። ዕድሜውን ሙሉ ጥጥና የበግ ጠጉር ሲነድፍ ለኖረ ሰው፣ አየር በገንዘብ ይሸጣል መባሉ አልዋጥለት ብሎ ነው የሰነበተው።

ፍራሹ የተፈለገው ለካምፒንግ ነው። የእጮኛዋ ቤተሰብ በየዓመቱ ድንኳን ይዞ ተራራ ላይ ያድራል፤ ዘንድሮ እሷም ተጋብዛለች። ግብዣው የሽርሽር ብቻ እንዳልሆነ ገብቷታል። የእጮኛዋ አባት ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ የገዛ ሚስታቸው ሳይቀሩ «ዳኛው» ነው የሚሏቸው። ሰው ሲመዝኑ ደግሞ ችሎት ላይ እንዳሉ ነው፣ ጥያቄያቸው አያልቅም። ስለ አባቷ ሲጠይቋት «የቤት ዕቃ ንግድ ላይ ነው፣ ብዙ ጊዜ ከከተማ ይወጣል» ብላቸው ነበር። የመጀመሪያውን ውሸት ለማለት አይመችም፣ ፍራሽም የቤት ዕቃ ነው። ከከተማ ይወጣል ያለችው ግን ንጹሕ ፈጠራ ነው። ሰውየው ከፍራሽ ቤቱ በር የሚርቀው ሻይ ሊጠጣ ብቻ ነው።

የካምፒንግ ዕቃ መሸጫው መብራት የበዛበት፣ ወለሉ ፊት የሚያሳይ ሱቅ ነው። የተነፉ ፍራሾች ወለሉ ላይ በተርታ ተዘርግተዋል። ሻጩ ትሁት ሰው ነበርና ቸኩሎ ሊሸጥላቸው አልሞከረም። ውፍረት አያታልላችሁ አላቸው። ብርዱ የሚመጣው ከመሬት ነው፤ ባዶ አየር ብቻ የያዘ ፍራሽ የቱንም ያህል ቢወፍር ሌሊት ከመሬቱ ጋር አብሮ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ውስጡ ሙቀት የሚይዝ ነገር የገባበትን መምረጥ ነው። የሙቀቱ ልክ በቁጥር ተጽፎበታል፣ ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር ፍራሹ ይሞቃል። ልጅቷ ራሷን እየነቀነቀች አዳመጠች። አባቷ ግን በወሬ ፍራሽ የሚገዛ ሰው አይደለም። ጫማውን አወለቀ።

ፍራሽ ሰሪ ፍራሽ የሚፈትሽበት የራሱ ወግ አለው። መጀመሪያ በክርኑ ተጫነው፣ ቀጥሎ በጉልበቱ። ከዚያ በጎኑ ተኛ፣ ተገላበጠ፣ ጆሮውን አስጠግቶ ውስጡን አዳመጠ። ካልሲው ተረከዙ ላይ ተጥፏል፣ ያውም በፍራሽ ክር። «ይሄማ ያንሳፍፋል እንጂ አያስተኛም» እያለ ብቻውን ይስቃል። ድንኳን ሲመርጡ የነበሩ ባልና ሚስት ዘወር ብለው አዩት፤ ሚስትየዋ ስልኳን አወጣች። የልጅቷ ፊት ጋለ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር። አባቷ ደግሞ ይባስ ብሎ፣ ወለሉ ላይ እንደተጋደመ፣ መጥታ አጠገቡ እንድትተኛና እንድትሞክረው ጠራት።

ሻጩ ፈገግ ብሎ «አባትሽ ናቸው?» አላት።

«አይ፣ ዕቃ የሚይዙልኝ ሰው ናቸው።»

አፏ ነው የቀደማት ማለት ይቻላል፤ አፉ ግን የራሷ ነው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስለነበር አባቷ የሰማ አልመሰላትም። ከዚያ በኋላ ቁጥር ማየቱም፣ ውስጡን መጠየቁም ቀረ። የፈለገችው ከዚያ ሱቅ መውጣት ብቻ ነበር። ከገንዘብ ተቀባይዋ አጠገብ ከተደረደሩት አንዱን፣ ወፍራሙን ሰማያዊ፣ ብድግ አደረገች። ሻጩ ያኛው ለሙቅ አገር እንጂ ለተራራ እንደማይሆን ሊነግራት ሲጀምር ከፍላ ጨርሳለች።

አባቷ ጫማውን አስሮ ተነሣ። የታሸገውን ፍራሽ ከእጇ ተቀበለና ትከሻው ላይ አደረገው። ወትሮ ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት፣ እሱ እያወራ፣ እሷ እየሳቀች። ያን ቀን ግን ሁለት ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ልክ ዕቃ እንደሚይዝ ሰው፣ እስከ ቤት ድረስ ከኋላዋ ተከተላት። ዞር ብላ «ና እንጂ» ልትለው አሰበች። እንዲያ ካለችው ግን ለምን ወደ ኋላ እንደቀረ መነጋገር ሊመጣ ነው። መንገዷን ቀጠለች።

ቤት ከገቡ በኋላ ስለ ሱቁ አንድ ቃል አልተነፈሰም። እራት ላይ እንደ ልማዱ ቀለደ፣ ወጥ ጨመረላት። ቢቆጣት ይቀላት ነበር። ጥፋቷን እንደያዘች በልታ ጠጥታ ተኛች።

በማግስቱ እሷ ሥራ ስትሄድ አባቷ ፍራሹን ነፍቶ ፍራሽ ቤቱ ሲሚንቶ ላይ ተጋደመበት። ሻጩ ያለው እውነት ነበር፤ ትንሽ ሲቆይ ብርዱ ቀስ እያለ ወደ ጎኑ ወጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ወስዶ ያስቀይር ነበር። እሱ ግን በየትኛው ፊቱ ይመለሳል? ዕቃ ተሸካሚ ዕቃ አያስቀይርም። ልጄ በርዷት ልታድር አይደለም እንዴ ብሎ ተብሰለሰለና የሚያውቀውን አደረገ። ፍራሹን በአንድ ጎኑ ሰነጠቀው። ለሙሽራ ፍራሽ ያስቀመጠውን ለስላሳ የበግ ጠጉር ነድፎ፣ ስስ አድርጎ አስገባበት። በቀጭን መርፌ ጥቅጥቅ አድርጎ ሰፋው፣ በላዩ ላይ የጎማ ማጣበቂያ ለቀለቀበት። ጠጉር የማያሾልክ ስፌት አየር ያሾልካል ብሎ አላሰበም። በሥራ ዘመኑ ከሱ ስፌት ያመለጠ ነገር ኖሮ አያውቅማ። ከዚያም ጠቅልሎ ወደ ከረጢቱ መለሰው። ለልጁ አልነገራትም፣ ብትሰማ እንደምትከለክለው ያውቃል።

ተራራው ላይ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ድንኳኖቹ ተተከሉ። ሁሉም ፍራሹን መንፋት ጀመረ። የልጅቷም ተነፋ፤ ከሁሉ ወፈረ። እጮኛዋ የንጉሥ አልጋ ነው እያለ ሳቀባት። ሳቁን ሳይጨርስ ፍራሹ ማፏጨት ጀመረ፤ እያፏጨም በሁሉም ፊት ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተኛ። የእጮኛዋ እናት ተንበርክከው ዳር ዳሩን ዳሰሱት። ማጣበቂያው ተላጧል። ከሥሩ የስፌት መስመር አለ፣ በስፌቱ መሐል ነጭ ጠጉር ብቅ ብሏል።

ልጅቷ ስፌቱን ገና ስታየው አወቀችው። የትምህርት ቤት ቦርሳዋ፣ የትራሷ ልብስ፣ ልጅ ሆና የለበሰችው ካፖርት፣ ሁሉም በዚያ ስፌት ነው የተሰፉት፤ ሦስት አጭር፣ አንድ ረጅም። ምን እንዳደረገና ለምን እንዳደረገው በአንድ ጊዜ ገባት። ዳኛው መነጽራቸውን አድርገው ቀረቡና ይህን ማን እንዳደረገው ጠየቋት።

«እንዲህ ሆኖ ነው የተሸጠልኝ» አለች።

የዳኛው ዓይን በራ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር እጃቸው ገብቶ አያውቅም። ያገለገለ ዕቃ ጠጋግኖ ለእንግዳቸው መሸጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሱቁ ድረስ ሄደው ልክ እንደሚያስገቡት ማሉ። ልጅቷ ያ ትሁት ሻጭ ትዝ አላት። አንድ ሰው መካዷ ሳያንስ ሌላውን ደግሞ ልታስወነጅል ነው።

የእጮኛዋ እናት የራሳቸውን ፍራሽ ሊሰጧት ለመኗት፤ እሷ እምቢ ብላ የራሷን አነጠፈች። ሲነጋ ሁሉም ከድንኳኑ የወጣው እጁን ብብቱ ውስጥ ወትፎ ነው። መሬቱ እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ ማን ስንቴ እንደነቃ ሲወራ ልጅቷ አቀርቅራ ሻይዋን ትጠጣለች። አስተኛኘቱ ጎርበጥበጥ ብሏታል እንጂ ብርድ የሚባል አልነካትም። ሞቋት በማደሯ ያፈረችውን ያህል በምንም አፍራ አታውቅም።

ሲመለሱ መኪናውን የያዙት ዳኛው ነበሩ። ከተማ ሲገቡ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ሱቁ ራሳችሁ ቀደዳችሁት ብሎ ሊከራከር ስለሚችል፣ አስቀድሞ የባለሙያ ቃል መያዝ ያስፈልጋል። ልጅቷን ሁልጊዜ የሚያወርዷት ዋናው መንገድ ላይ ነው። ቤቷ ውስጥ ለውስጥ ነው፣ መኪና አያስገባም እያለች ነው እዚያው የምትወርደው። በረንዳው ላይ ጥጥ የተከመረበት ፍራሽ ቤት ደግሞ እዚያው መውረጃው ላይ ነው። ዳኛው ስንፈልገው ተገኘ ብለው መኪናውን አቆሙ። ልጅቷ ዛሬ እንኳ ዝግ ይሆናል ለማለት ሞከረች። ባለቤቱ ግን ደፉ ላይ ተቀምጦ መርፌ ውስጥ ክር እያስገባ ነበር።

አባቷ ቀና አለ። መጀመሪያ እሷን፣ ከዚያ ዳኛው የያዙትን ፍራሽ፣ ከዚያ እንግዶቹን አየ። ፊቱ ሊፈታ ጀምሮ ነበር፤ እሷ ስታቀረቅር መልሶ ሰበሰበው። ተነሥቶ እንደማንኛውም ደንበኛ ጎንበስ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ዳኛው ጉዳዩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዱት፤ ስፌቱ የፋብሪካ ነው ወይስ የሰው እጅ? አባቷ ፍራሹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ የገዛ ስፌቱን ለረጅም ጊዜ አየው።

«የሰው እጅ ነው፣ ጌታዬ» አለ። «ሙያ ያለው ሰው ግን አይደለም። የሚነፋ ነገር በመርፌ የሚወጋ፣ ሥራ የማያውቅ ሰው ነው።»

ዳኛው ረክተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ልጅቷ እጮኛዋ አጠገብ ቆማ ይህን ሁሉ ሰማች። በዚያ ሰፈር ለስፌቱ ሲባል ወር የሚጠብቁ ሰዎች እንዳሉ ታውቃለች። አባቷ ፍራሹን ጠቅልሎ፣ ለዳኛው ሳይሆን ለሷ አቀበላት። እዚህ ላይ ራሱን ረሳ።

«ታዲያ ማታ በረደሽ?» አላት።

ፍራሽ ሰሪ የማያውቃትን ደንበኛ እንዲህ አይጠይቃትም። ዳኛው ዞር ብለው አዩት፤ ቃል ሰምተው የሚያልፉ ሰው አይደሉም። እጮኛዋም አየ።

«አልበረደኝም፣ አባዬ» አለች።

አባቷ ደነገጠ። ቶሎ ብሎ ሳቅ አለና፣ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ አባዬ እንደሚሉት ለዳኛው ይነግራቸው ጀመር። አሁንም ሊሸፍንላት ነው። ከዚህ በላይ መስማት አልቻለችም።

«አባቴ ነው» አለች። «የሰፋውም እሱ ነው። ሱቁ ምንም አላጠፋም፣ እኔ ነኝ የዋሸሁት።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ፤ ከዚያ ባርኔጣቸውን አንሥተው እጃቸውን ዘረጉ። አባቷ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ በሁለት እጁ ጨበጣቸው፤ ግቡ፣ ተቀመጡ አለ፣ ጥጡን ከወንበሩ ላይ አነሣ። እንግዶቹ ወደ ውስጥ ሲያልፉ ግን ወደ ልጁ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አየር እንደሚያስወጣ አላሰብኩም ነበር፣ የኔ እናት» አላት። «በሰው ፊት አሳፈርኩሽ።»

ልጅቷ ፍራሹን እንዳቀፈች ደጅ ቆመች። ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።