የረገጥኩበትን ርገጡ

እናቴ ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን በብብቷ ይዛ በሩ ሥር ከቆመች ቆየች። አልወጣም አላለች፣ እወጣለሁ አላለች። እኔ ከሳሎን ወደ ኮሪደር፣ ከኮሪደር ወደ ሳሎን እንደ አበደ ሰው እመላለሳለሁ።

«እማዬ፣ በናትሽ!»

«መጣሁ» ትላለች። አትመጣም።

ዛሬ ዓይኗን ኦፕራሲዮን የምትሆንበት ቀን ነው። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ተሰጥቷት ሁለቱንም ቀርታለች። ሐኪሙ ትናንት ደውሎ፣ «ነገም ከቀሩ የግራ ዓይናቸውን ይርሱት፤ ቀኙም መከተሉ አይቀርም» አለኝ። አባቴ ከተቀበረ ወዲህ ከአጥሩ በር ርቃ ሄዳ አታውቅም።

ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ይባል የለ? ከአባቴ ልጀምር። አባቴ አምሳ አለቃ ነበር፤ በጦርነቱ ጊዜ ሥራው ፈንጂ ማምከን። በግራ እጁ ሁለት ጣት ብቻ ቀርቶለት ተመለሰ፣ እናቴን አገባ፣ ወንድሜንና እኔን ወለደ፣ እስኪያረጅ መጋዘን ጠበቀ። ቤት ውስጥ ሲሆን ጨዋታ አዋቂ ነው። በሁለት ጣቱ ብርቱካን ይዞ ሲልጥ ልጣጩ አንዴም አይበጠስበትም። ከበር ሲወጣ ግን ሌላ ሰው! ከፊት እሱ፣ ከኋላው እናቴ፣ ከዚያ ወንድሜ፣ መጨረሻ ላይ እኔ። «የረገጥኩበትን ርገጡ!» ይለናል፣ ዳቦ ልንገዛ ስንሄድ፣ ያውም በአስፋልት ላይ! መሬት የወደቀ ነገር ማንሳት አይታሰብም፤ ኳስም ቢሆን፣ አሻንጉሊትም ቢሆን። አዲስ የተቆፈረ አፈር ካየማ ሰፈሩን ሁሉ ያዞረናል። እንቅፋት ሲመታን እንኳ እንደ ሰው «እኔን!» አይልም። ፊቱ አመድ መስሎ ቀጥ ይላል። ያኔ እናቴ ከኋላው፣ «ደኅና ነን፣ ምንም የለም» ትለዋለች፤ እሱም መንገዱን ይቀጥላል።

ሰፈርተኛው «ባቡር» ነበር የሚለን። ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ገና ብቅ ስንል መቀሱን ብድግ አድርጎ፣ «ባቡሩ መጣ፣ ዞር በሉ!» ይላል። ጢሙን በግማሽ የተላጨው ደንበኛ ሳይቀር ወጥቶ ይስቅብናል። አባቴም አብሯቸው ይስቅ ነበር። እኔ ግን መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

የአውቶብስ ሹፌር የሆንኩት ለዚህ ይመስለኛል። አሁን የማንንም ጀርባ አልከተልም፤ መንገድ የሚዘጋብኝ ካለም ጡሩምባዬን ነው የማቀምሰው።

አባቴ በሞተ ማግሥት ውኃ መሥሪያ ቤት ቱቦ እቀይራለሁ ብሎ የደጃችንን መንገድ ቆፈረው። አፈሩን ከመሩ፣ ጉድጓዱ ላይ አንዲት ሳንቃ አጋደሙ፣ ሄዱ። መኪና አይገባም። ክሊኒኩ እኮ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ነው፤ ከቤት ሆነው ቢጠሩት ይሰማል። በመጀመሪያው ቀጠሮ ወንድሜ ሊወስዳት መጣ። ወንድሜ በያጅ ነው፤ ለሱ የማይበየድ ነገር የለም። የአባቴን ቡኒ ጃኬት ለበሰና፣ «እኔ ከፊት፣ አንቺ ከኋላ፣ አለቀ!» ብሎ በስልክ እያወራ ሳንቃውን ተሻገረ። ክሊኒኩ በር ላይ ዞር ቢል እናቴ የለችም። ቤቷ ገብታ ቆልፋለች። በሁለተኛው ቀጠሮ ጭራሽ ጫማዋንም አላደረገች።

«ዕድሜ ልኳን ሲያስፈራራት ኖሮ ምን ታድርግ!» አለ ወንድሜ። እኔም የማምነው ይህንኑ ነበር።

ዛሬ ተራው የኔ ነው። እጇን ይዤ አወጣኋት። የአጥሩን በር እንዳለፍን እጇን ለቀቀችና ከኋላዬ ሆነች። ሳንቃው ጋ ስንደርስ ኮቴዋ ጠፋብኝ።

«ምን ሆንሽ?»

«ፈጠንሽብኝ።»

ቀስ አልኩ። ንቅንቅ አላለችም። አፈሩን አየት፣ እኔን አየት ታደርጋለች። ደሜ ፈላ።

«ምንድን ነው የምትፈሪው? ፈንጂ የለም! ቱቦ ነው! እሱ እብድ ነበር፣ እኛንም አሳበደን፤ ሞቶም አልለቀቀን!»

የፀጉር አስተካካዩ መቀስ ዝም አለ። እንደተናገርኩት ቆጨኝ፤ ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው።

እናቴ አልተቆጣችም። «አባትሽ ከፊት ይሄድ የነበረው እኛን ለመጠበቅ ብቻ ይመስልሻል?» አለችኝ።

«ታዲያ ለምንድን ነው?»

«አንድ አብሮ አደግ ጓደኛ ነበረው። አባትሽ መሬቱን አጸዳና፣ ‹ጨርሻለሁ፣ እለፍ› አለው። እሱም አምኖት አለፈ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «አንዷን ፈንጂ ስቷት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ሰው ከፊቱ ሲሄድ ማየት አይችልም። እንደተጋባን ሰሞን አንድ ቀን ሳላውቅ ቀደምኩት። ዞር ስል መንገድ ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከኋላው ሆንኩለት። ስለ እሱ ብዬ ነው እንጂ ፈርቼ አይደለም፣ ልጄ።»

ያን ሁሉ ዘመን ያፈርኩበት ሰው አንጀቴን በላው።

«ታዲያ አሁን ምን ያዘሽ?» አልኳት፣ ቀስ ብዬ።

«መንገዱን አላውቀውማ!» ሳቋና ዕንባዋ አንድ ላይ መጣ። «ያየሁት የሱን ጀርባ ነው። ደጃችን ላይ ምን አለ ብትዪኝ፣ ቡኒ ጃኬት ነው የምልሽ። ያን ዕለት ወንድምሽ ለብሶት ሲሄድ፣ ብከተለው አባትሽን የማገኘው መሰለኝ። ሆዴ ባባ፤ ተመለስኩ።» ዕንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «እስቲ ዞር በይልኝ።»

አልፋኝ ሄደች። አንድ እግሯን ሳንቃው ላይ አሳረፈች፤ ሳንቃው ጎበጥ አለ።

«ቁሚ!»

ማን እንደጮኸ ለማየት ዞር አልኩ። ለካ እኔ ነኝ። ቁጣው የአባቴ ነው፣ ቁርጥ የሱ። ዓይኔ አፈሩን ይፈትሻል፤ ላብ በጀርባዬ ይወርዳል። የእናቴን ጀርባ ብቻውን ከፊቴ አይቼው አላውቅም። እንዲህ ትንሽ ነው እንዴ? መሪ ስይዝ ያመለጥኩ መስሎኝ ነበር።

«የረገጥኩበትን ርገጪ» አለችኝ፣ ሳትዞር።

ፀጉር አስተካካዩ ብቅ አለ። «ባቡሩ ሹፌር ቀየረ?»

«ባለ አንድ ዓይን ሹፌር ናት፣ ዞር በሉ!» አለችው እናቴ።

ሳንቃው ጫፍ ላይ እንቅፋት መታትና ወደፊት ተንገዳገደች። «እኔን!» ልላት አፌን ከፈትኩ። አልወጣ አለኝ። እኔም እንደ አባቴ ቀጥ አልኩ።

እናቴ ማዶ ሆና ዝምታዬን ሰማችው። ዕድሜ ልኳን ስትሰማው የኖረችው ነው።

«ደኅና ነኝ፣ ምንም የለም» አለች። «ነይ።»

እግሬን አነሳሁና የረገጠችበት ላይ አሳረፍኩ።