ቅጹ ላይ የሞላሁት ቁጥር

ስህተቱ የኔ ነው። ከእህቴ ከጣቢታ ደም ቀድቼ ወደ አዲስ አበባ ስሰደው፣ ቅጹ ላይ የባሏን የአሞጽን ሳይሆን የታላቅ ወንድሙን የወልደሰንበትን ስልክ ሞላሁ። በዚያ ቤት ለትምህርት ቤትም ለቀበሌም የሚሰጠው የታላቅየው ቁጥር ነው፤ የጣቢታ የእርግዝና ካርድ ላይ ያለውም እሱ ነው። ከካርዱ ገለበጥኩ። የላቦራቶሪ ዲግሪ ይዤ።

ጣቢታ ሦስት ፅንስ ጨንግፎባታል። አሁን ያረገዘችው አራተኛው ከወረደ ወደ ሞርሲቶ፣ ወደ አባታችን ቤት እንደምትመለስ ወልደሰንበት ለሽማግሌዎች ነግሮ ጨርሷል። የራሱንም ሚስት ሁለት ጊዜ ፅንስ ስለጨነገፈባት ደብድቦ ወደ ወላጆቿ፣ ወደ አንጋጫ ሰዷታል።

አሞጽን ቀደም ብዬ አስመርምሬው ነበር። ሁለት ክሮሞዞሞቹ ቁራጭ ተለዋውጠዋል። እሱ ጤነኛ ነው፤ ወደ ልጅ ሲተላለፍ ግን አንዱ ቁራጭ ሊተርፍ፣ ሌላው ሊጎድል ይችላል፤ ያኔ ፅንሱ አይጸናም። የአሁኑ ምርመራ በጣቢታ ደም ውስጥ ከሚገኘው የፅንሱ የዘረመል ርዝራዥ ይህን ትርፍና ጉድለት የሚፈልግ ነው።

ቅዳሜ ረፋድ ከጣቢታ ጋር ጓሮ ልብስ ስናሰጣ ወልደሰንበት መጣ። ከአዲስ አበባው ላቦራቶሪ በሞላሁት ቁጥር ደውለውለታል። ፅንሱ ላይ ችግር አልታየም፤ የአባትየው የክሮሞዞም ለውጥ ግን ከዘር የመጣ ሊሆን ስለሚችል ወንድሞቹም ይመርመሩ ብለውታል።

«ሦስት ሴት ልጆች አሉኝ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ይሄ ከተሰማ ማን ያገባቸዋል? ለሽማግሌዎቹ ችግሩ የእሷ ነው በያቸው።»

«ጋሼ፣ ይልቅ እርስዎም ይመርመሩ» አልኩት። «ደብድበው ያባረሯት ሴትዮ ምንም አላጠፋችም ይሆናል።»

በጥፊ መታኝ፤ ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ጣቢታ መሃላችን ስትገባ ሆዷን በእርግጫ ብሎ ጣላት። ሊደግማት እግሩን ሲያነሳ አሞጽ ከቤት ወጣ። ታላቁን ቀና ብሎ አይቶ የማያውቅ ሰው ነው። እንጨት የሚፈልጥበትን ምሳር አንስቶ በምሳሩ ጀርባ የወንድሙን ጉልበት መታው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ወደቀ፤ ክንዱን ደገመው። ሦስተኛውን ወደ ጭንቅላቱ ሲሰነዝር እጀታውን ያዝኩ። ለወልደሰንበት አዝኜ አይደለም፤ ጣቢታን የሚሸከምልኝ ሰው ያስፈልገኝ ነበር።

ቀሚሷ በደም ርሶ ሆስፒታል ደረስን። ሐኪሟ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ሆዷ ላይ እያንሸራተተች ብዙ ፈለገች።

«ልቡ ይመታል» አለች በመጨረሻ። «ደሙ ካልቆመ ግን ምንም ቃል አልገባም።»

አሞጽን ተከትለው የመጡት ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመው ነበር። ይህን እስኪሰማ ጠበቁትና ካቴናውን አስገቡለት።