የአልጣሽ ባቄላ

ባለቤቴ አልጣሽ ከዚህ ዓለም ከተለየች በዚህ ክረምት ዓመት ሞላት። ትታልኝ ከሄደችው ሁሉ እጅግ የምሳሳለት በቅል ያኖረችው የባቄላ ዘር ነው፤ ከእናቷ ተቀብላ አርባ ዓመት እየዘራች፣ እየመረጠች ያቆየችው፣ ፍሬው አነስ ያለ፣ ዓይኑ የጠቆረ ባቄላ። በሰኔ መግቢያ እኩሌታውን ደሴ ባለው ቤታችን ጓሮ ዘራሁት፤ የቀረውን በቅሉ ተውሁት።

ቡቃያው ቅጠል ሲያወጣ ጠርዙ ዙሪያውን በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተበልቶ አገኘሁት። ጎንበስ ብዬ ስመለከት ከስንዴ ቅንጣት የምታንስ ግራጫ ጥንዚዛ አየሁ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ኩኩ መነጽሬን ተቀብላኝ አየችና ፈረደች።

«ነቀዝ ነው፣ የኔታ። በቅሉ ያለውንም ይዞታል ማለት ነው። የሰፈሩን እህል ሳይጨርስ ቅዳሜ ለአልጣሽ ሙት ዓመት ንፍሮ እናድርገው። ለእሷው መታሰቢያ ነው፤ ምን ይቆጭዎታል?»

«የተቀቀለ ዘር አይበቅልም፣ ኩኩ።»

«የነቀዘውስ ይበቅላል?»



በማግስቱ ጥንዚዛዋን በባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ከትቼ፣ ከቅሉም አንድ እፍኝ ዘር በመሐረብ ቋጥሬ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረድሁ። የወዳጄ የዘይኑልአቢዲን ልጅ ጣይባ በዚያ የሰብል ተባይ ትመረምራለች። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ብልቃጡን ባየው ጥንዚዛዋ እግሯን ሰብስባ በጀርባዋ ወድቃለች። እንድትጠፋ ልመክርባት የምሄድ ሰው በሞቷ ማዘኔ ለራሴም ገረመኝ።

ጣይባ ከወንበሯ ተነሥታ ተቀበለችኝ።

«ሞታብኛለች፣ ልጄ» አልኋት።

ብልቃጡን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ጥቂት ቆይቶ ጥንዚዛዋ አንድ እግሯን፣ ቀጥሎም ሌላውን ዘረጋች፤ ተገልብጣም መሄድ ጀመረች።

«ሲነኳት የሞተች ትመስላለች» አለች ጣይባ። «ይህ ልማዷ ነው። ይምጡ፣ ይዩዋት።»

በማይክሮስኮፑ ተመለከትሁ። ግራጫ ያልሁት ጀርባዋ በጥቃቅን ቅርፊት ተሸፍኖ በየመስመሩ ብርና ነሐስ ይመስላል። አፏ ወደ ፊት ወጣ ብሎ አጭር ኩምቢ ሠርቷል፤ ከግራና ከቀኙም እንደ ክርን የታጠፉ ሁለት ቀጫጭን ቀንዶች ወጥተዋል። ፈጣሪ ለዚህች ደቃቅ ፍጥረት ይህን ያህል መጠንቀቁን አይቼ ዓይኔን ከመስተዋቱ ማንሣት ከበደኝ።

ጣይባ በዚህ መካከል ዘሬን በነጭ ሳሕን ላይ አፍስሳ አንድ በአንድ ታገላብጥ ነበር።

«አብሽሩ፣ የኔታ። ዘርዎ ንጹሕ ነው። የጎተራው ነቀዝ ፍሬው ውስጥ አድጎ ሲወጣ ክብ ቀዳዳ ይተዋል። እዚህ አንድም የለም። ይህችኛዋ ፍሬ ውስጥ አትገባም። ቅጠል ትበላለች፤ እንቁላሏን አፈር ላይ ትጥላለች። ልጆቿም ባቄላው ከአየር ምግቡን በሚያዘጋጅባቸው፣ ሥሩ ላይ ባሉት ትንንሽ እጢዎች ውስጥ ገብተው ያድጋሉ።»

«ሁለቱም ነቀዝ አይባሉም?»

«እኛ ነን አንድ ስም የሰጠናቸው። ቤታቸው ግን ለየብቻ ነው።»

ዕድሜዬን ሙሉ ቅኔ ያስተማርሁ፣ አንዲት ቃል ሁለት ምስጢር ስትይዝ ኅብሯን ስፈታ የኖርሁ ሰው፣ ይህችን ቃል ሳልፈታ ዘሬን ልቀቅል ነበር።

«ዝምድናቸው እስከ ስንት ቤት ነው?» አልኋት። «እኛ ለጋብቻ ሰባት ቤት እንቆጥራለን።»

ሣቀች። «እኛም ሰባት ነው የምንቆጥረው፤ ከዝርያው ተነሥተን እስከ እንስሳት ሁሉ ድረስ። እነዚህ ሁለቱ በአራተኛው፣ በጥንዚዛዎች ቤት ይገናኛሉ።»

«እንግዲያማ ጋብቻው ፈረሰ።»

«ሽማግሌም አልላኩ፣ የኔታ።»

ከዚያም አሳሰበችኝ፤ የቀረውን ዘር ከፊተኛው መደብ አርቄ እንድዘራ፣ በፊተኛው ላይ በመጪው ዓመት ገብስ እንዳደርግበት። ጥንዚዛዋን ለጥናት ልታስቀራት ፈለገች። ትንሽ ወረቀት ቆርጣ ቀኑንና ቦታውን፣ ያገኘኋት እኔ መሆኔንም ጻፈች።

«የተገኘችበት ተክል ባቄላ» አለች እየጻፈች።

«የአልጣሽ ባቄላ በዪ፣ ልጄ።»

ቀና ብላ አየችኝ። አባቷ ቤት ለማዕድ በተቀመጥን ጊዜ አልጣሽ ታጎርሳት የነበረች ልጅ ናት። በወረቀቱ ጠርዝ፣ በቀረችው ጠባብ ቦታ፣ ፊደሉን አጥብባ ጻፈችው።

ቅዳሜ ንፍሮው ከገበያ በመጣ ባቄላ ተቀቀለ። ዘሩ ንጹሕ መሆኑን ብነግራትም ኩኩ እያማሰለች «የሰው ባቄላ ለአልጣሽ» ብላ አጉረመረመች። ሰንበት አልፎ ሰኞ በጠዋት፣ ከምሥራቁ አጥር ሥር መደብ አውጥቼ ቅሉን ስከፍት፣ መጥታ ነጠላዋን ዘርግታ ቆመች።

«ለእኔም አንድ እፍኝ ይስጡኝ፣ የኔታ» አለች። «አልቀቅለውም።»