አረቄን በቀጠሮ ማመላለስ

አቶ አስናቀው ሰውአገኝ በጎንደር ከተማ፣ የመሬት ጉዳይ በሚታይበት አንድ መሥሪያ ቤት፣ ሃያ ስድስት ዓመት በመዝገብ ክፍል ኃላፊነት ሲያገለግሉ አንድም ባለጉዳይ «አይሆንም» ብለው አሰናብተው አያውቁም። ጉዳዩን ጨርሶ ከእጃቸው የወጣ ባለጉዳይም ብዙ አልነበረም። ሰው ሲቆጣቸው አይቆጡም፤ ሲለምናቸው አያመናጭቁም። ከመነጽራቸው በላይ ቀና ብለው በለዘበ ድምፅ «ሸጋ፤ ጉዳይዎ እየታየ ነው» ይላሉ። ከዚያ ወረቀቱን ያገላብጣሉ። ማኅተሙ ደብዝዟል። ኮፒ ይጎድላል። ቁጥር አለው፣ ቀን የለውም። ቀን ካለው ደግሞ የሚፈርመው ሰው መስክ ወጥቷል። «ሐሙስ ብቅ ይበሉ» ይሉታል፤ ባለጉዳዩም አመስግኖ ይወጣል። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የሚመክሩት ምክር ይኸው ነበር፦ «እምቢ የሚል ሠራተኛ ጀማሪ ነው። እምቢ ያልከው ሰው ይከስሃል። ሐሙስ ና ያልከው ሰው ግን ሐሙስ ይመጣል።»

እኚህ ሰው አረቄ ይወዱ ነበር። በአሥራ አንድ ሰዓት ከቢሮ ሲወጡ አውቶ ፓርኮ ከሚባለው ሰፈር ወረድ ብሎ ካለው፣ መንበረ ከምትባል ሴት አረቄ ቤት ይገባሉ። ሦስት መለኪያ ይጠጣሉ፤ ስብሰባ የዋሉ ቀን ስድስት። በስተኋላ ጎናቸውን ይወጋቸው ጀመርና ሕይወት የምትባል ወጣት ሐኪም ዘንድ ቀረቡ። ውጤቱን አየችና «ጉበትዎ ተጎድቷል አባቴ። ከእንግዲህ አንድም መለኪያ አይቀምሱም» አለቻቸው።

«ቀስ በቀስ ብቀንሰውስ?»

«አይሆንም።»

አቶ አስናቀውን ከሕመሙ ይልቅ የመልሱ ፍጥነት አስደነገጣቸው። ጥያቄ ባቀረቡበት ደቂቃ መልስ ሲሰጣቸው በሕይወታቸው የመጀመሪያው ነበር።

ያልሞከሩት ነገር አልነበረም። ለደብራቸው ታቦት ተሳሉ፤ ስለቱ እስከ ሐሙስ ብቻ ቆየ። ጸበል ገቡ፤ ሲወጡ ጠማቸው። በመንበረ በር ላለማለፍ በቀሃ ወንዝ በኩል ዞረው ቢሄዱ፣ እዚያም ሌላ አረቄ ቤት አገኙ። ችግሩ ሁሉም ዘዴ አምሮቱን እምቢ ማለት የሚጠይቅ መሆኑ ነበር፤ እርሳቸው ደግሞ እምቢ ማለት አልለመደባቸውም።

አንድ ማክሰኞ ታዲያ ሰባ ያህል ባለጉዳይ መልሰው ደክሟቸው ሲወጡ አምሮቱ እንደ ልማዱ መጣ። ምላሳቸው ደረቀ፣ እግራቸው ወደ መንበረ በር ዞረ። አፋቸው ግን ገና ከሥራ አልወጣም ነበርና ሳያስቡት «ማመልከቻ ይዘዋል?» አሉት።

አምሮቱ ባዶ እጁን ነበር የመጣው።

«በቃል የቀረበ ጥያቄ አናስተናግድም። ጽፈው ያምጡ» ብለው በሩን አለፉት። ሳይጠጡ መዋላቸው ትዝ ያላቸው ቤታቸው ገብተው እራት በልተው እጃቸውን ሲታጠቡ ነበር።

በማግስቱ አምሮቱ ጠንክሮ መጣ። አቶ አስናቀው ከደረት ኪሳቸው ማስታወሻ ደብተር አወጡና እዚያው መንገድ ዳር ቆመው ማመልከቻውን ራሳቸው ጻፉለት። «ጉዳዩ፦ አንድ መለኪያ ስለመጠየቅ» ይላል። አነበቡት። ምክንያቱ አልተገለጸም። «ድካም» ብለው ጨመሩ። ድካሙን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ አልተያያዘም። «አያይዘው ሐሙስ ብቅ ይበሉ።» ሐሙስ ደብዳቤው ተያይዞ ሲቀርብ ጉዳዩ ወደ ኮሚቴ ተመራ። የኮሚቴው አባላት ሆድ፣ ጭንቅላትና ጉበት ሲሆኑ፣ ጉበት የሕመም ፈቃድ ላይ ስለነበረ ምልዓተ ጉባኤው አልተሟላም።

አንድ ቀን መንበረ በሯ ላይ ቆማ «ምነው ጠፉ?» ብትላቸው፣ «በሂደት ላይ ነኝ» ብለዋት አለፉ።

አርባ ሦስት ቀን ሳይቀምሱ ቆዩ። ፊታቸው ጠራ፤ ዶክተር ሕይወትም አመሰገነቻቸው። አንድ ዘዴ የሠራለት ሰው ደግሞ ሁሉንም በእርሱ መያዝ ያምረዋልና፣ አቶ አስናቀው ንዴታቸውንም እንደዚሁ ማስተናገድ ጀመሩ። የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ወንድምአገኝ በስብሰባ ላይ ሲዘልፏቸው ንዴቱን በቁጥር መዝግበው ቀን ሰጡት። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሽታዬ የጣሪያውን ማፍሰስ ሲያነሱባቸው «ጥያቄሽ ተገቢ ነው» ብለው ፈገግ አሉ። ወይዘሮ ሽታዬ አንድ ቀን ሳህን እያነሱ፣ «ያ አረቄ ሲጠጣ የነበረው ሰውዬ ይሰድበኝ ነበር፤ ግን ያናግረኝ ነበር» አሉ። አቶ አስናቀው አስተያየቱን መዘገቡ።

በዚህ መሐል እንፍራንዝ የሚኖሩት ታላቅ ወንድማቸው ኃይለ ጊዮርጊስ አረፉ።

ኃይለ ጊዮርጊስ ገበሬ ነበሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ ይደውሉ ነበር። «አስናቀው፣ መቼ ትመጣለህ? ምነው፣ እንፍራንዝ እኮ ከጎንደር ቅርብ ናት» ይላሉ። አቶ አስናቀውም «ለሚቀጥለው ሳምንት እናየዋለን፣ አያ» ይላሉ። እንዲህ ሲባባሉ አንድ ዓርብ ጠዋት የወንድማቸው ሚስት እንኳየሁ ደውላ መርዶውን ነገረቻቸው።

በቀብሩ ላይ አቶ አስናቀው አላለቀሱም። ሳግ በመጣባቸው ቁጥር፣ «ጉዳይዎ ደርሶናል፤ ከቀብሩ በኋላ ይመለሱ» ይሉታል። ከቀብሩ በኋላ ሲመለስ ለሠልስቱ ቀጠሩት። በሠልስቱ ደግሞ እንግዳ መሸኘት አለ ብለው ወደ ቢሮ መግቢያቸው አስተላለፉት። እንኳየሁ ደረቷን እየደቃች ወዲያ ወዲህ ስትል እርሳቸው ዳስ ውስጥ የወንበር እጥረት አስተካከሉ። አልቃሾቹ አዩአቸውና «ከተማ ልብ ያደርቃል» ተባባሉ።

በሚኒባስ ሲመለሱ ወይዘሮ ሽታዬ በመስኮት እያዩ፣ «ወንድምህ እኮ ነው» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው አስናቀው?»

«ጉዳዩ እየታየ ነው።»



አቶ አስናቀው ሐሙስ ሥራ ገቡ። ከወረፋው ፊት እንደ ወትሮው የወለቃው ገበሬ አያ ዳኛው ነበሩ። አያ ዳኛው ሦስት ዓመት ሙሉ በየሐሙሱ መጥተዋል። የሟች ወንድማቸው እርሻ ወደ እርሳቸው ይዞታ እንዲዛወር ነው የሚጠይቁት። ጉዳዩ እስኪወሰን ማንም እንዳያርሰው ስለታገደ መሬቱ ከሦስት ዓመት ወዲህ ጦሙን አድሯል። ስንቃቸውን ቋጥረው ይመጣሉ፤ ከአግዳሚው ጫፍ ያለው ቦታ በስማቸው የተመዘገበ ይመስል ሌላ ሰው አይቀመጥበትም።

አቶ አስናቀው መዝገቡን ገለጡ። እጃቸው እንደ ልማዱ የጎደለ ነገር ፈለገና አገኘ። «የወንድምዎ ፊርማ የለበትም። ወንድምዎን ይዘው ሐሙስ ብቅ ይበሉ» አሉ።

አያ ዳኛው ጣታቸውን ወደ መዝገቡ ዘረጉ። «ወንድሜማ ሞቷል ጌታው። ስለሞተ እኮ ነው የመጣሁት። የሞት ማስረጃውን አምና ለእርስዎው ሰጥቻለሁ፤ ከሥር አለ።»

አቶ አስናቀው ወረቀቶቹን አነሡ። ከሥር ነበር። የሟች ስም፣ ዕድሜ ስልሳ አንድ፣ የሞቱበት ቀን። በጠርዙ ላይ በራሳቸው ቀይ እስክሪብቶ «ማኅተሙ ይጣራ» ተብሎ ተጽፎበታል።

«የእርስዎም ወንድም ማረፋቸውን ሰማሁ» አሉ አያ ዳኛው። «እግዜር ያጥናዎ። ለቅሶ ልደርስዎ ነበር፤ የት ብዬ ልምጣ? ቢሮ ይገባሉ ሲሉኝ ግን አዘንኩ። እኔ ወንድሜን ቀብሬ ወር አልተነሣሁም።»

«ሥራ ነው» አሉ አቶ አስናቀው። ድምፃቸው ግን ተሰንጥቆ ወጣ።

«ይሁን። ግን አይሄድም እኮ ጌታው። ይኸው እኔን ስንት ጊዜ መለሱኝ? ሄድኩ? ሐዘንም እንደኔው ነው። ስንቁን ቋጥሮ ይቀመጣል።»

አቶ አስናቀው መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ በወረፋው ሁሉ ፊት፣ በሦስት ሰዓት ተኩል፣ የሌላ ሰው የሞት ማስረጃ በእጃቸው ይዘው ማልቀስ ጀመሩ። ዝም ያለ ልቅሶ አልነበረም። «አያ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት አልኩህ» እያሉ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ይመቱት ነበር። ከወረፋው አንዳንድ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አብረው አለቀሱ። ጸሐፊያቸው ሄለን ግን እንዲህ ላለው ሁኔታ የተዘጋጀ መመሪያ ስላላገኘች መስኮቱን ዘግታ «ኔትወርክ የለም» የሚለውን ወረቀት ለጠፈችበት።

በዚያው ቀን በአሥራ አንድ ሰዓት አምሮቱ መጣ። እንደዚያ ቀን ተሟልቶ መጥቶ አያውቅም። ምክንያቱ ተገልጿል፤ ሐዘን። ማስረጃው ፊታቸው ላይ አለ፤ ያበጠ ዓይን። ኮሚቴውም ቢሆን ያን ቀን ጉበት ሳይቀር በሙሉ ድምፅ ይደግፍ ነበር። አቶ አስናቀው ከመንበረ በር ፊት ቆመው ወረቀቱን ቢያገላብጡ ቢያገላብጡ የጎደለ ነገር አጡ።

መንበረ ወጣች። «እግዜር ያጥናዎ። ይግቡ፤ አንዷን ብቻ፣ በኔ ግብዣ። የሐዘን አይቆጠርም።»

«አይሆንም» አሉ አቶ አስናቀው።

መንበረ ደነገጠች፤ እርሳቸውም ደነገጡ። ምክንያት አልጨመሩበትም፣ ቀንም አልሰጡበትም። ዞረው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ቤት ሲደርሱ ወይዘሮ ሽታዬ ፊታቸውን አይተው ምንም ሳይጠይቁ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ እርሳቸውም ስለ ወንድማቸው ያወሩ ጀመር። ወይዘሮ ሽታዬ እስከዚያ ቀን ኃይለ ጊዮርጊስ ዋሽንት ይነፉ እንደነበር አልሰሙም።

ዓርብ ጠዋት አቶ አስናቀው የአያ ዳኛውን መዝገብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ሃያ ደቂቃ ፈጀባቸው። ከዚያ በባጃጅ ወለቃ ሄዱ። የመሥሪያ ቤት ሰው ባለጉዳይ ቤት ድረስ ሲመጣ ታይቶ ስለማይታወቅ፣ መንገድ ዳር ሸክላ የሚሸጡት ሴቶች ዕቃቸውን ትተው አያ ዳኛው ምን አጥፍተው ይሆን ብለው ተከተሏቸው።

«አያ ዳኛው፣ አይሆንም» አሉ አቶ አስናቀው ገና ከደጅ። «መሬቱ የሚገባው ለወንድምዎ ሴት ልጅ፣ ለሚስጥር ነው። ሕጉ ግልጽ ነው። መጀመሪያ የመጡ ዕለት ልነግርዎ እችል ነበር።»

አያ ዳኛው በምርኩዛቸው መሬቱን ቆረቆሩ። «አይሆንም?»

«አይሆንም።»

«እንግዲያ ሚስጥርን የእኩል ስጪኝ፣ እኔ አርሼ እህሉን እንካፈል ብዬ እጠይቃታለሁ። ልጅቱ ከተማ ናት፣ አታርሰው፤ እምቢም አትለኝ። ይኸን አስቀድመው ቢነግሩኝ ሦስት ክረምት እዘራበት ነበር።»

«ተናደዱብኝ?»

«ተናድጃለሁ እንጂ» አሉ አያ ዳኛው ረጋ ብለው። «ግን ሸጋ ነው፤ አሁን መናደድ ተፈቀደልኝ። እስከ ዛሬ ጉዳዬ ይበላሽብኛል ብዬ እሱንም ፈርቼ ኖርኩ።» ከዚያ ሴቶቹ እየሰሙ የልባቸውን ነገሯቸው። ቀላል አልነበረም። አቶ አስናቀው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው እስኪጨርሱ ሰሙ። አያ ዳኛው ሲጨርሱ ወደ ቤት አስገብተው እርጎ ሰጧቸው።

ከዚያ በኋላ አቶ አስናቀው ለሚሆነው ይሆናል፣ ለማይሆነው አይሆንም ማለት ጀመሩ። በሁለት ሳምንት ወረፋው ከግቢው በር ወደ ኮሪደሩ፣ ከኮሪደሩ ወደ መስኮቱ ተሰበሰበ፤ በሦስተኛው ሳምንት አግዳሚው ባዶ ሆነ። አቶ ወንድምአገኝ ይህን ሲያዩ ተጨነቁ። በባለጉዳይ ብዛት ተመሥርቶ አዲስ አዳራሽና ስድስት ተጨማሪ ሠራተኞች ጠይቀው ነበርና፣ አቶ አስናቀውን አስጠርተው «ሕዝቡ በመሥሪያ ቤታችን ላይ እምነት አጥቷል፤ መምጣት ትቷል» አሏቸው። የባለጉዳይ መመናመንን መንስኤ የሚያጠና ኮሚቴ ተቋቋመ። አቶ አስናቀውን ጸሐፊ አደረጓቸው። ኮሚቴው እስከ አሁን አልተሟላም።

የኃይለ ጊዮርጊስ አርባ ሲደርስ አቶ አስናቀው ሁለት ቀን አስቀድመው እንፍራንዝ ገቡ። እንኳየሁ በሩ ላይ ስታያቸው ዞር ልትል ነበር፤ እርሳቸው ግን «አያ» ብለው ሲጀምሩ ድምፃቸው ተቆረጠ። ያን ጊዜ አቀፈቻቸው፤ ሁለቱም አጥሩን ተደግፈው እስኪበቃቸው አለቀሱ።

በተዝካሩ ቀን ጠላው ከዚህ፣ አረቄው ከዚያ ይቀዳል። እንኳየሁ ከልብሷ ሥር ትንሽ ጠርሙስ አወጣች። «ይኸን ራሱ ነው ያስቀመጠልህ። አስናቀው ሲመጣ እንጠጣለን እያለ ሁለት ዓመት አላስነካኝም።»

አቶ አስናቀው ጠርሙሱን ተቀበሉ። በእጃቸው ይዘው ብዙ ቆዩ።

«አልጠጣም እንኳየሁ» አሉ።

«በሞቴ።»

«አልጠጣም። ጉበቴ ታሟል።»

እንኳየሁ ከፋት። ፊቷን አዞረች፤ ቆይታም «እሱም ታሞ ነበር፤ አልነገራችሁም እንጂ» አለች። አቶ አስናቀው ከጎኗ ተቀመጡና «ከመቼ ጀምሮ?» አሉ። እንኳየሁ ሕመሙ ከጀመረበት ቀን አንሥታ ነገረቻቸው።