ቁልቁል የወረደችው መስመር

ፀጉር አስተካካዩን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ሬዲዮ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነበር። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ መቀስ ካነሳ አፉ አይዘጋም። ከኳስ ጀምሮ ወደ ጎረቤት ጋብቻ ይገባል፣ እሱን ሳይጨርስ ስለ ጥርስ ሕመም ያነሳል። ሰው አንገቱ ላይ ጨርቅ ታስሮበት የት ይሄዳል? ዝም ብሎ ያዳምጣል።

ባለፈው ክረምት ታዲያ ሬዲዮ ዝም አለ። ሱቁ ይከፈታል፣ መቀሱ ይሠራል፣ ከሰውየው ግን ቃል አይወጣም። «እንዴት ላድርገው?» ብሎ ይጠይቅና ይጀምራል፤ ሲጨርስ መስታወቱን ከኋላ አሳይቶ በአገጩ ያሰናብታል። እውነቱን ለመናገር ደንበኞቹን መጀመሪያ ላይ ደስ ነው ያላቸው። ጡረታ የወጣው አስተማሪ «ይሄን ሁሉ ዓመት እዚህ ጋዜጣ ይዤ ስመጣ አንድ ገጽ ጨርሼ አላውቅም ነበር» እያለ እግሩን አነባብሮ ይቀመጥ ጀመር። ጸጥታ የሚወዱ ሰዎችም ወሬውን ሰምተው ከሌላ ሰፈር መጡ። ሬዲዮ በሕይወቱ እንደዚያ ገበያ ደርቶለት አያውቅም።

ነገሩ ያላማራት ታላቅ እህቱ ብቻ ነበረች። የአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ናት፤ እድፍ ከሩቅ ትለያለች። አንድ እሑድ ምሳ ጠርታው የዋንጫ ጨዋታ በቴሌቪዥን ሲተላለፍ፣ ወንድሟ ዳኛውን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሰድብ ተነስቶ ሄደ። በማግስቱ ሱቁ ድረስ መጣች።

«ታመሃል» አለችው።

«እትዬ፣ ምንም አልሆንኩም።»

«ምንም ያልሆነ ሰው እንዲህ አይሆንም። ጃኬትህን ልበስ።»

«ምን ብዬ ነው የምሄደው? ሰው አልሞተብኝ፣ ሥራ አልጠፋብኝ። ምክንያት እንኳ የለኝም እኮ!»

«ምክንያቱን የጤና ጣቢያ ሰዎች ይፈልጉልሃል። አንተ እግርህን ብቻ አምጣ።»

ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለችው አማካሪ መነጽሯ አፍንጫዋ ላይ አልረጋ የሚላት፣ ረጋ ያለች ሴት ነበረች። «ዶክተር» አላት። «ዶክተር አይደለሁም፣ የሥነ ልቦና አማካሪ ነኝ» አለችው። «እሺ፣ ዶክተር» አላት። ነገሩ በዚያው ጸና።

አንድ ወረቀት ሰጠችው። ዘጠኝ ጥያቄ አለው፦ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ሐዘኑ፣ ድካሙ፣ የእንቅልፍና የምግብ ነገር ምን ያህል እንዳስቸገረው የሚጠይቅ። ጭራሽ ከሌለ ዜሮ፣ በየቀኑ ከሆነ ሦስት። ሬዲዮ ከላይ እስከ ታች ዜሮ ደርድሮ መለሰላት።

«እንቅልፍ እንዴት ነው?» አለችው።

«እግዜር ይመስገን።»

«ምግብስ?»

«ተመስገን፣ ምን ይጎድላል።»

መነጽሯን ወደ ላይ ገፋ አደረገች። «የጠየቅኩት ስለ እርስዎ ነው። እግዜርማ ደህና ነው።»

የሬዲዮ ከንፈር ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ ሊል ቃጣው። ወረቀቱን ተቀብሎ እንደገና ሞላ። ከመጨረሻው ጥያቄ በቀር ዜሮዎቹ ጠፉ፤ ድምሩ ሃያ መጣ።

አማካሪዋ ይህንኑ ወረቀት በየሁለት ሳምንቱ እንደሚሞላ፣ ሕክምናው እየረዳው መሆን አለመሆኑን በዚያ እንደሚያዩ፣ ካልረዳው ደግሞ መንገድ እንደሚቀይሩ አስረዳችው። ሬዲዮ በትሕትና ራሱን ነቀነቀ፤ ከሰማው ግማሹ ግን በሌላኛው ጆሮው ወጣ።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ሱቅ ከመክፈቱ በፊት በእግሩ እንዲሄድ ታዘዘ። በቀን አንድ ደንበኛን አንድ ጥያቄ እንዲጠይቅም ታዘዘ። አስተማሪውን «ልጆችዎ እንዴት ናቸው?» ቢለው፣ አስተማሪው ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ በስጋት አየው። ድምሩ አሥራ ሰባት ሆነ፣ ከዚያም አሥራ አምስት፣ ከዚያም አሥራ አንድ። አማካሪዋ ቁጥሮቹን በመስመር አገናኝታ አሳየችው።

«አዩ? እንዴት እንደሚወርድ!» አለችው ደስ ብሏት።

ሬዲዮ አንገቱን ደፍቶ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ከሃያ ተነስቶ አሥራ አንድ! ልጅ ሳለ ሒሳብ እንኳ እንዲህ ጥሎት አያውቅም። የገረመው ነገር ደግሞ፣ ልቡ ቀለል ብሎታል፤ መላጫውን ሲያጸዳ ያንጎራጉራል። ቢሆንም ወረቀት አይዋሽም ብሎ አመነ። ከራሱ ይልቅ ያሳዘነችው አማካሪዋ ናት፦ ያቺ ደግ ሴት እንዲህ እየለፋች እሱ ይወድቅባታል፤ ላለማስከፋት ብላም ትስቅለታለች።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ጥያቄዎቹን ሳያነብ ሁሉም ላይ ሦስት ከበበና፣ ፈተና ቀድሞ እንደጨረሰ ተማሪ ደረቱን ነፍቶ አስረከበ። ሃያ ሰባት፤ ሙሉ ነጥብ።

የአማካሪዋ ፊት ተለወጠ። እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ወንበሯን ወደ እሱ ሳበች።

«የመጨረሻው ጥያቄ፣ ሞቼ በተገላገልኩ የሚል ሐሳብ ይመጣብዎታል ወይ ነው የሚለው። በየቀኑ ብለዋል። ራስዎን ለመጉዳት አስበዋል?»

ሬዲዮ ከወንበሩ ሊነሳ ምንም አልቀረው። «ኧረ በስማም! ኧረ የለም! እኔ እኮ... ነጥቡ ከፍ እንዲልልዎት ብዬ ነው።»

«የምን ነጥብ?»

«ሲወርድብዎት ጊዜ አሳዘኑኛ!»

አማካሪዋ ነገሩ ሲገባት መነጽሯ እስኪወድቅ ሳቀች። «የሚወርደው እኮ ሕመሙ ነው! እርስዎ አይደሉም! አይ የኔ ነገር፣ ወዴት ሲሄድ ደስ ሊለን እንደሚገባ በደንብ አልነገርኩዎትም።»

ሬዲዮም ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ግን እሷ አልለቀቀችውም።

«ያቺን ጥያቄ አልተውኳትም» አለችው። «መጀመሪያ የመጡ ዕለት ዜሮ ብለውኝ ነበር። እውነት ዜሮ ነበረች?»

ሬዲዮ እጆቹን አየ።

«ክረምቱን ደንበኛ ሳይመጣ በጠዋት ሱቄን እከፍትና ባዶው ወንበር ላይ እቀመጥ ነበር» አለ። «ዛሬ ባልነቃ ኖሮ ማን ምን ይሆን ነበር እላለሁ። ብዙ ቀን ብያለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።»

«ለእህትዎም?»

«ለእሷማ በየት በኩል!»

«አሁንስ?»

«በእግሬ መሄድ ከጀመርኩ ወዲህ አልመጣብኝም። እውነቴን ነው፣ ነጥብ አይደለም።»

ሐሳቡ ቢመለስ ለማን እንደሚናገር ተነጋገሩ። እህቱን ራሱ መረጠ፤ አብራው መጥታ ኮሪደር ላይ ተቀምጣ ነበርና እዚያው ጠሯት። ሬዲዮ እየተንተባተበ ነገራት። ሲጨርስ እህትዮዋ የተጣመመ ኮሌታውን አቃናችለት፣ የተቃናውንም መልሳ አቃናችው፣ «አንተ ሞኝ» አለችው፤ ድምፅዋ ግን ተሰበረ። ሬዲዮ ወረቀቱን እያነበበ እንደገና ሲሞላው ዘጠኝ መጣ።

ዛሬ ሬዲዮ በወር አንዴ ነው የሚሄደው። እንቅልፉ ገና አልተስተካከለም፣ ቁጥሩም አንዳንዴ ከፍ ይላል፤ እህቱ የታመመች ሰሞን ከፍ ብሎ ነበር፣ ሳይጠየቅ ራሱ ተናገረ። ወሬው ግን ሙሉ በሙሉ ተመልሷል። ጸጥታ ወዳዶቹ አንድ በአንድ ሌላ ሱቅ ፈለጉ። አስተማሪው ግን አልሄደም፤ ጋዜጣውን አሁን ቤቱ አንብቦ ነው የሚመጣው።

እሑድ እሑድ እህቱ ዘንድ ምሳ ይበላል። እህትዮዋ የአማካሪዋን ጥያቄ በራሷ አማርኛ ታቀርበዋለች፣ ጭልፋ በእጇ ይዛ።

«ያ ሐሳብ መጣ እንዴ?»

«አልመጣም፣ እትዬ።»

«ቢመጣስ?»

«እደውላለሁ።»

«ለማን?»

«ላንቺ።»

«ስልኬ ዝግ ቢሆን?»

«ለዶክተሯ።»

«ጎሽ» ትላለች፣ ሳህኑ ላይ እየጨመረችለት። «በል ብላ፣ ይቀዘቅዛል።»