ዛኪር ስለ ሲያድ ሊናገር የተነሣ ዕለት

ሃዎ ከመልካ ጀብዱ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፍራ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር የመጣችው፣ ልጇ ሲያድ እስር ቤት እንዴት እንደሞተ በሰው ፊት ሲነገር ለመስማት ነው። ነጋሪው ዛኪር ነበር። ከሲያድ ጋር አንድ ክፍል ታስሯል፣ አንድ ፍራሽ ተጋርቷል፤ ነፍሱ ስትወጣም ራሱን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ የያዘው እሱ ነው። ከተፈታ ወዲህ ቀን ጎሚስታ ቤት እየሠራ ማታ ኮሌጅ ሕግ የሚማረው ለዚሁ ነገር ነው፤ የታመመ እስረኛ "ሐኪም ቤት የሚወስድ አጃቢ ፖሊስ የለም" እየተባለ እንዳይሞት። ያን ቀን ኮሌጁ ስለ እስረኛ አያያዝ ውይይት ጠርቶ ነበር።

"ይችን ሸሚዝ ከየት ሰረቅሃት?" አለችው ሃዎ ኮሌታውን እያቃናች።

"ከእህቴ ከሙኒያ ባል ተውሼ ነው፣ ኤዶ" አላት፤ አክስቴ ማለቱ ነው። " እዚህ ደግሞ ሌባ አትበይኝ፣ ሰው ያምንሻል።"

ሳቀች። "በል አቦ፣ ሳትፈራ ንገርልኝ።"

"ወላሂ እነግርልሻለሁ።"

ተራው ሲደርስ ተነሣ። "እኔ የነበርኩበት ክፍል አንድ ልጅ ታመመ" ሲል በሩ ተከፈተና የያኔው የእስር ቤቱ ኮማንደር፣ አርፍዶ የመጣ ተጋባዥ እንግዳ፣ ገባ። እስር ቤት አለቃ ሲገባ እስረኛ ወሬውን ያቋርጣል፤ መሬት ቁጭ ብሎ አንገቱን ይደፋል። የዛኪር ጉልበት ሳይጠይቀው ታጠፈ። ሲሚንቶው ላይ ቁጢጥ ብሎ እጁን አጣመረ።

ተማሪዎቹ ዛኪር የእስር ቤቱን ልማድ ሆን ብሎ የሚያሳይ መስሏቸው አጨበጨቡ።

ኮማንደሩ በትሕትና ክንዱን ይዞ አነሣው። "ያ ዘመን አልፏል፣ ወንድሜ" አለው። ደግሞ ተጨበጨበ። ዛኪር እጁን እንዳጣመረ ቆመ። መድረክ መሪው አመስግኖት ማይኩን ለኮማንደሩ ሰጠ። ኮማንደሩ ስለ መሻሻሉ ብዙ ተናገረ።

ውጭ ሲወጡ ሃዎ ወደ ሚኒባስ ፌርማታው እየሄደች ጠየቀችው።

"ልጄም እንዲያ ነበር የሚቀመጥ?"

"አዎ፣ ኤዶ። ሁላችንም።"

ሚኒባሱ ሲቆም ሻሿን አጥብቃ አሰረች። "ሁለተኛ አትናገርልኝ። እንደዚያ ሆነህ ማየት አልችልም።"

እምቢ ሊላት ይገባ ነበር። ዛኪር ግን መናገሩ ስለቀረለት ቀለለው። ሚኒባሱ ከሄደ በኋላም ቆሞ ቀረ፤ መቅለሉ መሬት ከመቀመጡ ይልቅ አሳፍሮታል።