ጨረር ያልነካው ብረት

ሂልካ ቁራጯን ብረት ማይክሮስኮፑ ውስጥ ከተተችና በሩን ዘወር ብላ አየች። "ዛሬ ግን አታመልጠኝም" አለች ለራሷ።

ኦስሞን ማለቷ ነው፣ የላቦራቶሪ ባልደረባዋን። ለኑክሌር ማብላያ የታሰበውን አዲስ ብረት የቀመመው እሱ ነው። ብረት ለማብላያው መቻሉ እንዲፈተሽ በአዮን ጨረር ሲደበደብ አቶሞቹ ከቦታቸው ይፈናቀላሉ፤ ጉዳቱም በማይክሮስኮፕ ጥቋቁር ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። ሂልካ ካዘጋጀችው ናሙና ላይ ነጠብጣቡ እንደ ጉድ ፈልቷል። ኦስሞ ከዚያው ብረት ያዘጋጀው ግን ንጹሕ ነው ማለት ይቻላል። ታዲያ ጨረር ያልነካውን ብረት "ተደብድቧል" ብሎ አሳይቶ ቢሆንስ? ጠርጥር፣ ከገንፎ መሃል ይገኛል ስንጥር!

ጥርጣሬዋን ለኃላፊያቸው ለማርጌታ ሹክ ካለች ወዲህ ኦስሞ የላቦራቶሪውን ቁልፍ ተነጥቋል። በምሳ ሰዓት አጠገቡ የሚቀመጥ የለም። ከምሳ በኋላ ከሥራ ሊታገድ ነው፤ የቀረው የሂልካ ማስረጃ ብቻ ነው። ለዚሁ ብላ ጨረር ጨርሶ ያልነካውን ብረት ከቁም ሳጥን አውጥታ ስስ አድርጋ ቆርጣዋለች። እንደ ኦስሞ ናሙና ንጹሕ ሆኖ ከታየ አለቀለት።

ስክሪኑ በራ። ነጠብጣብ በነጠብጣብ!

ሂልካ ክው አለች። ማንም ያልደበደበውን ብረት ማን አቆሰለው? ዓይኗ መቁረጫ መሣሪያዋ ላይ አረፈ። ላቦራቶሪው የሚኮራበት አዲሱ መሣሪያ ብረት የሚቆርጠው በራሱ በአዮን ጨረር ነው። ኦስሞ ግን ዛሬም ናሙናውን በአሲድ እያሟሟ ነው የሚያሳሳው፤ "የድንጋይ ዘመን ሰው" እያለች ስትስቅበት ኖራለች። ለካስ ስንጥሩን ገንፎው ውስጥ የጨመረችው የራሷ ማማሰያ ናት! እፍረቱ ፊቷን አቃጠለው።

እንደ ሐሙስ ልማዳቸው ምሳው የአተር ሾርባ ነበር። ኦስሞ መስኮቱ ሥር ብቻውን ይበላል። ማርጌታ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ለሂልካ ቦታ ይዛላታለች።

ሂልካ ሳህኗን ኦስሞ ፊት አስቀመጠች።

"ተሳስተሻል፣ ቦታሽ እዚያ ነው" አለ ቀና ሳይል።

"አልተሳሳትኩም።"

"የቀረ ነገር አለ እንዴ የምትወስጂብኝ? ቁልፌን እንደሆነ ወስዳችኋል።"

"ነጠብጣቡን ያመጣው የእኔ መቁረጫ ነው ኦስሞ። ያንተ ብረት ደህና ነው።"

ማንኪያውን አስቀመጠ። "እሱን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ንገሪያት" አለ፣ በአገጩ ወደ ማርጌታ እያመለከተ።

ሂልካ ኃላፊዋን ቢሮ ድረስ ተከትላ፣ በር ዘግታ ልትነግራት ትችል ነበር። ከወንበሯ ሳትነሳ፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አደረገች።

"ማርጌታ፣ ሾርባሽን ይዘሽ ወደዚህ ነይ።"